የልብ ወለድ ደራሲና የከተማ ታሪክ፤ ስለ አዳማና ስለ ስምጥ ሸለቆ ከተሞች ለመጻፍ ለሚያስቡ

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በአዳማ፣ እንዲሁም ከሞጆ እስከ ሻሸመኔና ከወንጂ እስከ መተሐራ ባሉት የስምጥ ሸለቆ ከተሞች ላይ ልብ ወለድ ለመድረስ ለሚያስብ ሰው ከአገሩ ታሪክ ምን ምን ማወቅ እንደሚያስፈልገው፣ ያንንም ከወዴት ሊያገኘው እንደሚችል በመጠኑ ማመልከት ነው። «ልብ ወለድ ከልብ የሚወለድ ከሆነ መዝገብ ማገላበጥ ለምን ያስፈልጋል?» የሚል ጥያቄ ከጓደኞቻችን ብዙ ጊዜ ሰምተናል። ነገር ግን አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. በሮም ያሳተሙት የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ ሲወጣ ስሙ «ልብ ወለድ ታሪክ» ነበር። በቋንቋችን ታሪክ የሚለው ቃል ለሆነውም ነገር፣ ሰው ፈጥሮ ለተረከውም ነገር ያገለግላል። ሁለቱ በአንድ ስም መጠራታቸው አንዱ ያለ ሌላው ብዙ መንገድ መሄድ እንደማይችል ያሳስበናል።

ወደዚህ ጥናት የመራን የራሳችን ስሕተት መሆኑን መደበቅ አያስፈልገንም። ከጥቂት ጊዜ በፊት አንድ አጭር ልብ ወለድ ጽፈን ነበር። ባለታሪኩ በ1958 ዓ.ም. በናዝሬት የሚኖር ወጣት ነው፤ መታወቂያ ለማውጣት ቀበሌ ጽሕፈት ቤት ተሰልፎ ከአንዲት ልጅ ጋር ይተዋወቃል፤ በመጨረሻም እርስዋን ተከትሎ በባቡር «ወደ አዲስ አበባ ይወርዳል»። ይህን ጽሑፍ በምድር ባቡር ብዙ ዘመን ላገለገሉ አንድ ሽማግሌ አነበብንላቸው። እርሳቸውም እስከ መጨረሻው በትዕግሥት ካዳመጡን በኋላ፣ «ልጆቼ፣ ታሪካችሁ ደግ ነው፤ ነገር ግን ይህ ልጅ የሚኖረው ናዝሬት አይደለም» አሉን። «ለምን አባባ?» ብንላቸው፣ «በጃንሆይ ዘመን የቀበሌ ጽሕፈት ቤት የት ነበረ? ደግሞስ ከናዝሬት ወደ አዲስ አበባ ይወጡበታል እንጂ መቼ ይወርዱበታል?» ብለው ሣቁ። እኛ ግን አልሣቅንም። ስለ ፍቅር የጻፍነው ሁሉ በሁለት ቃል ምክንያት ሐሰት ሆኖ ቀረ። ሽማግሌው ልጅቱ ቆንጆ መሆንዋን እንኳ አላመኑልንም ነበር።

በእውነትም ነገሩን ስንመረምረው የቀበሌ ማኅበር የተቋቋመው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. በአዋጅ የመንግሥት ከሆነ በኋላ ነው። ቃሉ ራሱ አስቀድሞ ሰፈርን ወይም አካባቢን ለማመልከት ይነገር ነበር፤ ሊቀ መንበርና ማኅተም፣ መታወቂያና የስኳር ኩፖን ያለው ቀበሌ ግን የደርግ ዘመን ነው። ስለ መውጣትና ስለ መውረድም ቢሆን አዳማ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,600 ሜትር ጥቂት ከፍ ብላ ስትገኝ፣ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። ወደ ዋና ከተማው የሚሄደው ባቡር ዳገት ለዳገት እያቃሰተ ይወጣ ነበር። የአገሩ ሰው ይህን የሚያውቀው በእግሩና በጆሮው ስለ ሆነ ንግግሩም ያንኑ ይከተላል።

ስለዚህ ምክራችንን ባጭሩ ለመናገር፣ ደራሲው ከሁሉ አስቀድሞ የሚጽፍበትን ዓመተ ምሕረት ይቁረጥ። «በድሮ ጊዜ» የሚባል ዘመን የለም። ዓመቱ ሲታወቅ የከተማው ስም፣ የገንዘቡ ዓይነት፣ የአገረ ገዥው ማዕርግ፣ የመጠጡ ውኃ እንኳ ይታወቃል። ዓመቱ ካልታወቀ ግን ሁሉም ነገር ይዋልላል። ከዚህ ቀጥሎ የምንጽፈው ሁሉ ይህንኑ ለማስረዳት ነው።

በመጀመሪያ ስለ ስሞች እንናገር። አዳማ የሚለው ስም ከኦሮምኛ «አዳሚ» ማለትም ቁልቋል ከሚለው ቃል የመጣ ነው ይባላል፤ ከዝዋይ ዝቅ ብሎ አዳሚ ቱሉ የሚባል ከተማ ስለሚገኝ ቃሉ በሸለቆው ውስጥ እንግዳ አይደለም። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ከተማዋ በመጽሐፍ ቅዱስዋ ናዝሬት ስም ተጠራች። ቢሾፍቱም ደብረ ዘይት ተባለች። በ1992 ዓ.ም. አዳማ ጥንታዊ ስምዋን በሕግ መለሰች፤ ቢሾፍቱም እንዲሁ ስምዋን አገኘች፤ ዝዋይም ዛሬ ባቱ ትባላለች። እንግዲህ በ1950 ዓ.ም. የተነሣ የመንግሥት ደብዳቤ «ናዝሬት» ብሎ መጻፉ የግድ ነው፤ ነገር ግን በዚያው ቀን ከብት ይዞ ወደ ገበያ የሚመጣ የገጠር ሰው ለባለቤቱ «አዳማ እሄዳለሁ» እንደሚላት ሊዘነጋ አይገባም። ዛሬም ቢሆን «ናዝሬት» እያለ የሚጠራት ብዙ ሽማግሌና ብዙ ሾፌር አለ። ባለታሪኩ የትኛውን ስም እንደሚጠራ የሚወስነው ደራሲው ራሱ የወደደው ስም ሳይሆን ባለታሪኩ የተወለደበት ቤትና ያደገበት ቋንቋ ነው። አንድን ስም ከዘመኑ አስቀድሞ ማምጣትም ሆነ ሌላውን ጨርሶ መፋቅ በዚያ ስም የኖሩትን ሰዎች መፋቅ ስለ ሆነ፣ ይህ ጉዳይ የፊደል ጉዳይ ብቻ አይደለም። ከተማዋ ከ1992 ዓ.ም. ጀምሮ የኦሮሚያ ክልል ዋና ከተማ እንድትሆን ተወስኖ፣ በ1997 ዓ.ም. ደግሞ መቀመጫው ወደ አዲስ አበባ መመለሱም በብዙ ሰው ኑሮ ላይ ለውጥ አምጥቷል። እስካሁን ይህን ዘመን በልብ ወለድ የጻፈ ሰው አላጋጠመንም።

የአስተዳደር ስሞችም እንደዚሁ ናቸው። በንጉሡ ዘመን አዳማ በሸዋ ጠቅላይ ግዛት፣ በየረርና ከረዩ አውራጃ ውስጥ ነበረች፤ የዝዋይ ወገን ደግሞ የሐይቆችና ቡታጅራ አውራጃ ነበረ። ምሥራቅ ሸዋ ዞን ወይም ኦሮሚያ ክልል የሚሉት አጠራሮች የኋላ ዘመን ናቸው። ከየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. አዋጅ በፊት በሚሆን ታሪክ ውስጥ ገበሬው ጢሰኛ ሊሆን ይችላል፤ ሲሶ ወይም እኩል ይገብራል፤ ባለ ርስቱ በከተማ ይኖራል፤ ወኪሉ በመከር ጊዜ ብቅ ይላል። ከአዋጁ በኋላ ግን የገበሬ ማኅበር አለ። የአንዲት መንደር ታሪክ በጥር 1967 እና በግንቦት 1967 ዓ.ም. ሁለት ልዩ ልዩ ታሪክ ነው።

ስለ ባቡር ብዙ መናገር ይቻላል። ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነሥቶ ድሬ ዳዋ የደረሰው በ1895 ዓ.ም. ነው፤ አዲስ አበባ የገባውም በ1909 ዓ.ም. ነው። መተሐራ፣ አዳማና ሞጆ በዚህ መስመር ላይ ስለ ተገኙ ከብዙዎቹ የገጠር ከተሞች ቀድመው ከፈረንጅ ዕቃ፣ ከፈረንጅ ቃልና ከሩቅ አገር ነጋዴ ጋር ተዋውቀዋል። የባቡሩ ኩባንያ የፈረንሳይ ስለ ነበረ ከጣቢያው የወጣው ለገሃር የሚለው ቃል በአማርኛ ገብቶ ቀረ። ባቡር ለከተሞቹ ሰዓት ነበረ፤ እንጀራ የምትሸጠው፣ ሸንኮራ የምታቀርበው፣ ሻንጣ የሚሸከመው ሁሉ ቀኑን የሚቆጥረው በፊሽካው ድምፅ ነበር። ከአዲስ አበባ እስከ ድሬ ዳዋ ያለው አሮጌው መስመር በ2000 ዓ.ም. ገደማ አገልግሎቱን አቆመ። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር ግን ሌላ ሐዲድ፣ ሌላ ጣቢያ ነው። ጣቢያውም ከአሮጌው የከተማ እምብርት የራቀ በመሆኑ፣ በዛሬ ዘመን የሚጻፍ ልብ ወለድ ውስጥ ተሳፋሪው ከባቡር ወርዶ በእግሩ መሐል ገበያ ሊገባ አይችልም። ይህን የመሰለ ትንሽ ነገር ነው አንባቢን የሚያስቀይመው።

ሁለተኛዋ የአዳማ ሕይወት የመኪና መንገድ ናት። የአሰብ መንገድ በሚሠራበት ዘመን ከተማዋ የተሳቢና የቦቴ ሾፌሮች ማደሪያ ነበረች። ከ1990 ዓ.ም. በኋላ ኢትዮጵያ በአሰብ መገልገልዋን ስታቆም ጭነቱ ሁሉ ወደ ጅቡቲ ዞረ፤ የሾፌሩም ወሬ፣ የሚያመጣውም ዕቃ፣ በመንገድ ላይ ያለችው ወዳጁም አብራ ተለወጠች። የአዲስ አበባና የአዳማ የክፍያ መንገድ በ2006 ዓ.ም. ሲከፈት ደግሞ በአሮጌው መንገድ ላይ ያሉት የዱከምና የሞጆ ሻይ ቤቶች ብዙ መንገደኛ አመለጣቸው። በከተማው ውስጥ ሰው የሚመላለሰው ለብዙ ዘመን በፈረስ ጋሪ ነበር፤ ባጃጅ የገባው በቅርብ ጊዜ ነው። ስለዚህ በ1960 ዓ.ም. በባጃጅ የሚሄድ ባለታሪክ ያየን እንደ ሆነ መጽሐፉን ማጠፍ ይፈቀድልናል። ከከተማዋ በላይ ባለው ተራራ ላይ የሚታዩት ነጫጭ የነፋስ ኃይል ማመንጫዎችም ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ የተተከሉ ናቸው። ነፋሱ ግን የጥንት ነው፤ በበጋ ወራት አቧራ እያነሣ የሰውን ዓይን ሲያስለቅስ ኖሯል። ነፋሱን የጻፈ በማናቸውም ዘመን አይሳሳትም።

በገንዘብ ላይ ብዙ ደራስያን ሲሰናከሉ አይተናል። እስከ ጣሊያን ወረራ ድረስ ማርያ ቴሬዛ ብር በገበያ ይሠራ ነበር፤ በወረራው ጊዜ ሊሬ መጣ፤ ከ1933 ዓ.ም. በኋላ ደግሞ ከእንግሊዝ ጦር ጋር የምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግ ገባ። የኢትዮጵያ አዲሱ ብር በሥራ ላይ የዋለው በሐምሌ 1937 ዓ.ም. ነው፤ ሁለት ሽልንግም አንድ ብር ሆነ። ሽልንግ ከገበያ ከወጣ በኋላ እንኳ ቃሉ ኀምሳ ሳንቲምን እያመለከተ በሰው አፍ ላይ ቀርቷል። ስለዚህ በ1934 ዓ.ም. በአዳማ ገበያ እህል የምትገዛ ሴት በእጅዋ ያለው ገንዘብ ምን እንደ ሆነ ሲጻፍ፣ በአንድ መስመር ውስጥ የሦስት መንግሥታት መለዋወጥ ሊነገር ይችላል። አሮጌውን ብር በመሬት ቀብራ፣ ሊሬው ከንቱ ሆኖባት፣ ሽልንጉን እየተጠራጠረች የምትቆም ሴት ለደራሲ ትልቅ ሀብት ናት። የእንግሊዝ ጦር በመጋቢት 28 ቀን 1933 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገባ በአዳማ በኩል አልፎ ነው። በደቡብ በኩል ያለው ውጊያ ግን ቀጥሎ ሻሸመኔ የተያዘችው በግንቦት ወር ነው። በአንድ ሸለቆ ውስጥ አንዱ ከተማ ነጻ ወጥቶ ሌላው ገና በጠላት እጅ የነበረባቸው እነዚያ ሳምንታት ራሳቸውን የቻሉ ታሪክ ናቸው።

አሁን ስለ ውኃ እንጻፍ፤ በእኛ አስተያየት የስምጥ ሸለቆ ዋናው ባለታሪክ ውኃ ነውና። የቆቃ ግድብ ያለቀው በ1952 ዓ.ም. ነው፤ ወጪውም ከኢጣልያ የጦር ካሳ የተገኘ ነበር። ከዚያ በፊት በቆቃ ሐይቅ አልነበረም፤ የአዋሽ ወንዝና ሜዳ እንጂ። በመተሐራ ያለው የበሰቃ ሐይቅ ደግሞ በ1950 ዓ.ም. ግድም 3 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ የነበረ ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ እየሰፋ ከ40 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ሆኗል። ጨዋማ ውኃው የግጦሽ መሬት ውጧል፤ መንገዱንና የባቡሩን ሐዲድም አስቸግሯል። በአንጻሩ አብያታ ሐይቅ ዳር ዳሩ ነጭ ጨው እየሆነ ወደ ውስጥ ሸሽቷል። አባቱ ከብት ያሰማራበት ቦታ ዛሬ ውኃ የሆነበት የከረዩ ሰው አለ፤ አባቱ ውኃ ያየበት ቦታ ዛሬ ደረቅ አፈር የሆነበት የአብያታ ሰውም አለ። እንዲህ ባለ አገር ላይ «ሐይቁ ዳር ተቀመጡ» ብሎ መጻፍ የሚቻለው ሐይቁ በዚያ ዓመት ወዴት እንደ ነበረ ከታወቀ በኋላ ነው።

ወንጂን ለብቻው ማንሣት ይገባናል። ኤች ቪ ኤ የተባለው የሆላንድ ኩባንያ በ1943 ዓ.ም. ተዋውሎ በ1946 ዓ.ም. በወንጂ ስኳር ማምረት ጀመረ። ከስምንት ዓመት ያህል በኋላ ሁለተኛው የሸዋ ፋብሪካ ተጨመረ፤ በ1962 ዓ.ም. ግድም ደግሞ መተሐራ ሥራ ጀመረ። ሜዳው ከዚያ በፊት ባዶ አልነበረም። በወንጂ የጂሌ፣ በመተሐራ የከረዩ ኦሮሞ ከብቶች ይግጡበት ነበር። የአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ሲከለል ደግሞ ከረዩ ሌላ የግጦሽ ስፍራ ጎደለባቸው። ለሸንኮራው ሥራ ከከምባታ፣ ከሐዲያና ከወላይታ ብዙ ሰው መጣ፤ በካምፕ ውስጥ ልዩ ልዩ ቋንቋ የሚናገር ሕዝብ በአንድ የፋብሪካ ጡሩምባ ይነሣና ይተኛ ጀመር። በ1967 ዓ.ም. ፋብሪካዎቹ በመንግሥት ተወረሱ። አሮጌዎቹ የወንጂና የሸዋ ፋብሪካዎች በ2000ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት ተዘግተው በአዲስ ተተክተዋል።

በዚህ አገር የሰውን የትውልድ ስፍራ ከጥርሱ ማወቅ ይቻላል። የሸለቆው የጉድጓድ ውኃ ፍሎራይድ የሚባለው ንጥረ ነገር ስለሚበዛበት፣ በልጅነቱ የጠጣው ሰው ጥርሱ ይበልዛል። የዓለም የጤና ድርጅት በአንድ ሊትር ከ1.5 ሚሊ ግራም እንዳይበልጥ ሲያሳስብ፣ በወንጂ አንዳንድ ጉድጓዶች ከ10 ሚሊ ግራም በላይ ተገኝቷል። ብዙ ዓመት የጠጡ ሠራተኞች አጥንታቸው እየደነደነ ጀርባቸው ጎብጦ እንደ ቀረ ሐኪሞች ከ1960ዎቹ ዓ.ም. ጀምሮ መርምረው ጽፈዋል። አገሩን ስኳር ያበላ ሰው ጥርሱ በልዞ፣ ወገቡ አልታጠፍ ብሎት ጡረታ ወጣ። እኛ ይህን ከሐኪሞቹ ጽሑፍ ላይ ስናነብ ሰንጠረዥና ቁጥር ነበር፤ በወንጂ መንገድ ላይ አፍዋን በነጠላዋ ሸፍና የምትሥቅ አንዲት እናት ስናይ ግን ለምን እንደምትሸፍን ገባን። ይህን ዓይነቱን ነገር የታሪክ ጸሐፊ በግርጌ ማስታወሻ ያልፈዋል። ልብ ወለድ ካልጻፈው ማን ሊጽፈው ነው?

ስለ ሌሎቹ ከተሞች ባጭሩ እናልፋለን። በዝዋይ ሐይቅ ደሴቶች የዛይ ሕዝብ ከጥንት ጀምሮ በታንኳና በዓሣ ይኖራል፤ በቱሉ ጉዶ ደሴት ባለው በደብረ ጽዮን ቤተ ክርስቲያን የብራና መጻሕፍት አሉ፤ በዮዲት ጊዜ ታቦተ ጽዮን ወደዚህ ተሰዶ ነበር የሚል ትውፊትም ይነገራል። ትውፊቱን ባለታሪኩ ሊያምንበት ይችላል፤ ደራሲው ግን እንደ ተረጋገጠ ታሪክ አድርጎ በራሱ አንደበት አይናገረው። በሻሸመኔ በኩል፣ በጣሊያን ወረራ ጊዜ ኢትዮጵያን ለረዱት በውጭ ለሚኖሩ ጥቁር ሕዝቦች ንጉሠ ነገሥቱ በ1940 ዓ.ም. ገደማ አምስት ጋሻ መሬት መስጠታቸውና ከዚያ ወዲህ ከጃማይካና ከሌሎች አገሮች ሰዎች መጥተው መስፈራቸው የታወቀ ነው። እነርሱን የሚጽፍ ሰው ስለ ጠጉራቸውና ስለ ዘፈናቸው ብቻ ከመጻፍ ይልቅ፣ የ1967ቱ የመሬት አዋጅ በወጣ ጊዜ በዚያ መሬት ላይ ምን እንደ ሆነ ቢጠይቅ ይሻለዋል።

ስለ ንግግር አንድ ነገር እንጨምር። ዳኛቸው ወርቁ በ1962 ዓ.ም. ባወጣው «አደፍርስ» የሰሜን ሸዋን ገጠር አነጋገር በጆሮው ሰምቶ በብዕሩ አስገብቷል፤ ሐዲስ ዓለማየሁም በ1958 ዓ.ም. በታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» ለጎጃም ያንኑ አድርገዋል። ለስምጥ ሸለቆ ከተሞች ግን ይህ ሥራ ገና ብዙ ይቀረዋል። በአዳማ ገበያ የሚነገረው አማርኛ ኦሮምኛን፣ ጉራጊኛን፣ የሐረር ሰው አነጋገርንና የባቡር ፈረንሳይኛን የቀመሰ ነው። ሽማግሌ «ኦቦ»፣ እመቤት «አዴ» ተብለው ይጠራሉ። ሁሉን ባለታሪክ የአዲስ አበባ ሬዲዮ እንደሚናገረው ማናገር አገሩን ዲዳ ማድረግ ነው። ኦሮምኛ የማያውቅ ደራሲ በዚህ ሸለቆ ላይ ለመጻፍ ሲነሣ ወይ ቋንቋውን ይማር፣ ወይ የሚያርመው ሰው ከጎኑ ያስቀምጥ። የምንናገረው ከተራ ልምድ ነው፤ እኛም በዚህ ገና ተማሪዎች ነን።

አሁን እነዚህ ነገሮች ከየት ይገኛሉ ወደሚለው እንምጣ። ለቃላት የደስታ ተክለ ወልድ «ዐዲስ ያማርኛ መዝገበ ቃላት» (1962 ዓ.ም.) ከሁሉ ይቀድማል፤ የዕቃና የማዕረግ ስም በየዘመኑ ምን ይባል እንደ ነበረ ከዚያ ይገኛል። ለአስተዳደር፣ ለግብርና ለቤተ መንግሥት ሥርዓት የማኅተመ ሥላሴ ወልደ መስቀል «ዝክረ ነገር» (1942 ዓ.ም.) የማያልቅ ጎተራ ነው። ስለ ባቡሩ ዘመን የአዲስ አበባና የአካባቢዋ ኑሮ የመርስዔ ኀዘን ወልደ ቂርቆስን ትዝታ ማንበብ ይጠቅማል። የኢጣልያ የቱሪስት ማኅበር በ1930 ዓ.ም. ገደማ ያሳተመው የምሥራቅ አፍሪካ መምሪያ መጽሐፍ በወራሪ ዓይን የተጻፈ ቢሆንም፣ መንገዱን በኪሎ ሜትር እየቆጠረ ከተሞቹን ስለሚገልጽ ለመንገደኛ ባለታሪክ ያገለግላል። በፈረንጅ የተጻፈ ሰነድ ሲነበብ ዓመቱ በ7 ወይም በ8 እንደሚለይ፣ ሰዓቱም በስድስት እንደሚለይ ማስታወስ ያስፈልጋል፤ ፀሐይ በወጣች ጊዜ የተነሣውን ባቡር በእኩለ ሌሊት ያስነሣ ሰው አይተናል። ከ1933 ዓ.ም. ጀምሮ የወጣው «አዲስ ዘመን» ጋዜጣ በወመዘክርና በኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሊነበብ ይችላል። በጋዜጣ ላይ ከዋናው ዜና ይልቅ ማስታወቂያው ይጠቅማል፦ የጠፋ ዕቃ፣ የሚከራይ ቤት፣ የፍርድ ቤት መጥሪያ። ስለ አጻጻፍ ጥበብ ራሱ ደግሞ የዳኛቸው ወርቁ «የጽሑፍ ጥበብ መመሪያ» እና የዘሪሁን አስፋው «የሥነ ጽሑፍ መሠረታውያን» በአማርኛ ተጽፈው ይገኛሉ። በ1952 ዓ.ም. የተመሠረተው የኢትዮጵያ ደራስያን ማኅበርም ለጀማሪ በሩ የሚንኳኳ ነው።

ከመጻሕፍት ሁሉ የሚቸኩለው ግን የሽማግሌዎች ቃል ነው፤ መጽሐፍ ይቆያል፣ ሽማግሌ አይቆይምና። የመጠየቂያው ዘዴ ብዙ አስተምሮናል። «የናዝሬትን ታሪክ ይንገሩን» ብለን በጀመርን ቁጥር የምንሰማው ስለ ነገሥታት ሆነ፤ ሁሉም ከትምህርት ቤት መጽሐፍ የሰማነው ነው። «መጀመሪያ የገዙት ጫማ ስንት ነበረ? ከማንስ ገዙት?» ብለን ስንጠይቅ ግን የዓረቡ ሱቅ፣ የግሪኩ ሆቴል፣ የጋሪው ኪራይ፣ የተከፈለበት ገንዘብ አንድ በአንድ መጣ። ሁለት ሽማግሌዎችን ለየብቻ መጠየቅ ይገባል፤ የሚስማሙበትን እንደ እውነት መያዝ፣ የሚጣሉበትን ደግሞ አለመጣል፤ ለልብ ወለድ የሚሻለው ብዙ ጊዜ የሚጣሉበት ነውና። ሴቶችን መጠየቅም አይዘንጋ፤ ወንዶቹ ባቡሩ መቼ እንደ ገባ ይነግሩናል፣ ሴቶቹ ባቡሩ ማንን ይዞባቸው እንደ ሄደ ይነግሩናል።

የሰማነውን ሁሉ እንደ ሰማነው መጻፍ ግን አይፈቀድልንም። የነገረን ሰው ስሙ፣ ቤቱ፣ ልጆቹ አሉት። ስሙን ብቻ ቀይሮ ኑሮውን እንዳለ ማተም ስም አለመቀየር ነው፤ በትንሽ ከተማ ሁሉ ይተዋወቃል። በዓሉ ግርማ «ኦሮማይ»ን በ1975 ዓ.ም. ባወጣ ጊዜ አንባቢዎች ባለታሪኮቹን ከእውነተኛ ባለሥልጣኖች ጋር አገናኙ፤ መጽሐፉ ታገደ፤ ደራሲውም በየካቲት 1976 ዓ.ም. ጠፍቶ ቀረ። እርሱ ኃይለኞችን ነክቶ የከፈለው ዋጋ የደራሲ ድፍረት ነው። ምስኪን ሰው ቡና አፍልቶ የነገረንን ምስጢር በአደባባይ መግለጥ ግን ከዚያ ጋር የሚቆጠር ድፍረት አይደለም።

ያችን ልብ ወለዳችንን በዚህ ጥናት መሠረት እንደገና ጻፍናት። ቀበሌው ቀረ፤ ወጣቱና ልጅቱ የሚተዋወቁት በጣቢያው የውኃ ቧንቧ አጠገብ ሆነ፤ እርስዋም የወንጂ ልጅ ሆነች፣ ስትሥቅም አፍዋን ትሸፍናለች። ይዘን ወደ ሽማግሌው ሄድን። እርሳቸውም በዝምታ ሰምተው ሲያበቁ፣ «አሁን ናዝሬት ነው» አሉ። ቀጥለውም፣ «ግን እናትዮዋ ለልጅዋ ስትቆጣ በአማርኛ ነው እንዴ የምትቆጣው? ከከምባታ መጣች አላላችሁም?» ብለው ጠየቁን። ወረቀቱን መልሰን ወደ ቦርሳችን ከተትነው፤ በሚቀጥለው ቅዳሜም ወደ ወንጂ ለመሄድ ተቀጣጠርን።